ነጯ ፍሬ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ጥያቄህን ዘንግቼው አይደለም፣ ይታገሱ ልጄ፤ እንደ ስምህ ታገሠኝ። አባትህ አካሉ አልታዘዝ ብሎ መወራጨት የጀመረው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወንድምህ ግን በሠላሳ አራቱ። ሐኪሙ «በአባትህና በወንድምህ ዘረመል ውስጥ አንድ ቃል ከልክ በላይ ተደጋግሟል» አለህ። አንተም ሰርግህ ሦስት ወር ሲቀረው መጥተህ «ጋሼ፣ እርግማን ነው ወይ? ለምንስ እየባሰ ይሄዳል?» አልከኝ። መጀመሪያ ሸማኔውን ስማ።

ይህ ሰው በጥለቱ የታወቀ ነበር። ከሸማው ጫፍ ወደ ላይ ፍሬ የሚባሉ ትንንሽ የክር ነጠብጣቦች ይደረድራል፤ ዘጠኝ ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ እንደገና ዘጠኝ ቀይ። ድምሩ አሥራ ዘጠኝ። በዚያ ቤት ጥለት ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ልጅ የአባቱን ሸማ አጠገቡ ሰቅሎ ፍሬ በፍሬ እየቆጠረ ይሸምናል። የልጅ ልጁም ከአባቱ ይቀዳል እንጂ ከአያቱ አይቀዳም፤ የአያት ሥራ ወይ ተሽጧል፣ ወይ ሣጥን ገብቷል።

ሸማኔው ሞተና ልጁ እግሩን ወደ መሸመኛው ጉድጓድ አስገብቶ ሥራውን ተረከበ። ጎበዝ ነበር፤ እጁ ከአባቱ ይፈጥናል። አንድ የገበያ ቀን አንዲት ደንበኛ ሸማውን ዘርግታ ነጯን ፍሬ በጣቷ ነካች።

«ይቺ ምንድን ናት? አባትህ ቀይ ክር አልቆበት ነው?»

«የቤታችን ልማድ ናት፣ እትዬ።»

«ልማድ! ጎረምሳ ራስ ላይ የበቀለች ሽበት ነው የምትመስለው።»

በዙሪያዋ የነበሩት ሳቁ። ልጁ አፈረ። በሚቀጥለው ሸማ ላይ ነጯን በቀይ ተካት። አሥራ ዘጠኙም ቀይ ሆኑ። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ገበያውም ወደደው።

ጣጣው የመጣው ከእሱ በኋላ ነው። የሱ ልጅ ሲሸምን ያለቀውን ጥለት ጭኑ ላይ ያጣጥፋል። ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቀይ በቀይ ላይ ልክክ ብሎ ይተኛል፤ እጥፉ አይታወቅም። እጥፉ ውስጥ የተደበቁትን ሳይቆጥር «ገና ይቀረኛል» ይልና ይጨምራል። ድሮ ቢሆን ነጯ ቀይ ላይ አርፋ እጥፉን ታጋልጠው ነበር።

አሥራ ዘጠኙ ሃያ አንድ ሆነ። ሃያ አንዱን የቀዳው ሃያ ስድስት አደረገው። ጥለቱ በረዘመ ቁጥር እጥፉ ይበዛል፤ እጥፉ ሲበዛ ስሕተቱም ይሰፋል። ሠላሳ አምስት እስኪደርስ ማንም ምንም አላለም፤ ሸማው ይለበስ ነበር። አርባ አራት ሲሞላ ግን ስሱ ሸማ የጥለቱን ክብደት መሸከም አቃተው። አንዲት ሙሽራ ለብሳው ከመቀመጫዋ ስትነሳ ከትከሻዋ ጀምሮ ተተረተረ። በማግስቱ አርባ አራቱን ወደ ሸመነው ሸማኔ ቤት መጣች። አልጮኸችም።

«እያወቃችሁ ነው የሸጣችሁልኝ?» አለችው።

አገሩ «ቤቱ ተረግሟል» አለ፤ ገዢም ጠፋ። ሸማኔው ጉድጓዱን በአፈር ሊደፍነው አካፋ ሲያነሳ አክስቱ ሣጥን ከፍታ የመጀመሪያውን ሸማ አመጣችለት። ሁለቱን ሸማዎች መሬት ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። እጥፋት በሌለበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ። የፈለገው እርግማን ነበር። ያገኘው ግን ሃያ አምስት ትርፍ ፍሬ ነው፤ ነጯም የለችም። አካፋውን አስቀመጠና ነጭ ክር ፍለጋ ሄደ።

እንግዲህ ይታገሱ፣ ዘረመልም ከወላጅ ወደ ልጅ እየተቀዳ የሚሄድ ጥለት ነው። አንድ ቃል መሀል ላይ የሚያቋርጠው ሳይኖር ሲደጋገም ክሩ በራሱ ላይ ይታጠፋል፣ ቆጠራውም ይስታል፤ በረዘመ ቁጥርም ይብስበታል። ሕመሙ ወንድምህ ላይ የቸኮለው ለዚህ ነው። ማንም አልረገማችሁም።

እንደ ሸማኔው «ነጯን መልሳት» ልልህ አልችልም፤ እሷን የሚመልስ እጅ እስካሁን አላየሁም። መቁጠር ግን ይቻላል፤ ሐኪሙ ከደምህ ይቆጥረዋል። አባትህ ሁለት ጥለት ነበረው፤ አንዱ ከአባቱ፣ አንዱ ከእናቱ፤ ከልክ በላይ የረዘመው አንዱ ብቻ ነው። ለአንተ የሰጠህ ከሁለቱ አንዱን ነው። የትኛውን እንደሆነ እኔም አንተም አናውቅም። ዛሬውኑ ሂድና ለእጮኛህ ንገራት፤ ከዚያ ላስቆጥር ወይስ አላስቆጥር የሚለውን አብራችሁ ምከሩበት።

ያቺ ሙሽራ «እያወቃችሁ ነው?» ስትል ሸማኔው በእውነት አያውቅም ነበር። አንተ ግን ታውቃለህ።