ዳገት ላይ የቆመችው የሰርግ መኪና

ተረት ተረት! «የሰርግ ዕለት!» በሉኝ።

ደመላሽ የሚባል ሙሽራ ነበር። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳገቱን ወጥቶ እናኑን ማግባት። የእናኑ አባት ግን «ፀሐይ ከአናት ካለፈች በሬን አልከፍትም!» ብለው ምለዋል። ሰርገኛው በጋሽ አስማረ አሮጌ የጭነት መኪና ላይ እየጨፈረ ሲወጣ፣ መኪናዋ ተንተፋተፈችና ቀጥ አለች። ትንሽ አርፋ ተነሣች፤ መታጠፊያው ላይ ደግማ ቆመች። ጭፈራው ጸጥ አለ። ደመላሽ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«መኪና መኪና፣ እናኑ ልታመልጠኝ ነው፤ ለምን አትሄጂም?»

«ሞተሩ አልዞር ብሎኝ!»

«ሞተር ሞተር፣ መኪና አልሄድ ብላ እናኑ ልታመልጠኝ ነው፤ ለምን አትዞርም?»

«ፓምፑ ናፍጣ አልሰጥ ብሎኝ!»

«ፓምፕ ፓምፕ፣ ሞተር አልዞር ብሎ፣ መኪና አልሄድ ብላ፣ እናኑ ልታመልጠኝ ነው፤ ለምን አትሰጥም?»

«ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ አላሳልፍ ብሎኝ!»

ጋሽ አስማረ ፊልትሮውን ፈትተው አዩት። ንጹሕ ነው።

«ፊልትሮ ፊልትሮ፣ ፓምፕ አልሰጥ ብሎ፣ ሞተር አልዞር ብሎ፣ መኪና አልሄድ ብላ፣ እናኑ ልታመልጠኝ ነው፤ ለምን አታሳልፍም?»

«እኔ ምን በወጣኝ! ታንከሩ አልለቅ ብሎኝ!»

«ታንከር ታንከር፣ ፊልትሮ አላሳልፍ ብሎ፣ ፓምፕ አልሰጥ ብሎ፣ ሞተር አልዞር ብሎ፣ መኪና አልሄድ ብላ፣ እናኑ ልታመልጠኝ ነው! ለምን አትለቅም?»

«ናፍጣስ ሞልቶኛል። አየር ሳላስገባ እንዴት ልልቀቅ? አፌን አፍነውኝ!»

ጋሽ አስማረ ጎንበስ አሉ። የታንከሩ ክዳን፣ ያቺ መተንፈሻ ቀዳዳው ሳትቀር፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በቀይ ሪባን ጥፍር ተደርጎ ታስሯል።

«መኪናዬን ማነው የሸለመው?»

ደመላሽ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ቅባታም ክዳን ለሰርግ አያምርም ብዬ...»

«አይ ሙሽራ! አፍንጫዋን ይዘህ ዳገት ውጪ ትላታለህ?»

ሰርገኛው በሳቅ ፈነዳ። ደመላሽ ሪባኑን በጥርሱ በጥሶ ፕላስቲኩን ገፈፈው። ታንከሩ «እፎይ!» አለ።

ታንከር ለፊልትሮ ለቀቀ፣ ፊልትሮ ለፓምፕ አሳለፈ፣ ፓምፕ ለሞተር ሰጠ፣ ሞተር ዞረ፣ መኪና ሄደች! ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የእናኑ አባት በራቸውን ከፈቱ።

«ምን አቆየህ?» አለች እናኑ።

ደመላሽ አፍሮ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን ሪባን አሳያትና ሁሉንም ነገራት። እሷም ከት ብላ ሳቀች፤ ሪባኑን ተቀብላ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ላላ አድርጋ።

ተረቴን መልሱ፣ እናንተም ተንፍሱ።