ዶሮ ያስጠጋችው ያረጀ ውሻ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

ጥርሱ ስላለቀ ከቤት የተባረረ አንድ ያረጀ ውሻ ነበር። ዶሮ አዘነችለትና፣ «ቤት እስኪገኝለት ለአንድ ሳምንት እኔ ጋ ይቆይ» ብላ ወሰደችው። ሲበርደው ክንፏን ብታለብሰው የሚሸፈነው አንድ ጆሮው ብቻ ነበር።

በሳምንቱ በግ ውሻውን ልትወስደው ፈለገችና አህያንና ፍየልን ሽማግሌ ላከች። ዶሮ «ተቀመጡ» ብትላቸው፣ አህያ እንደ ወጉ፣ «ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም። ውሻውን ለበግ ስጪልን፤ ግቢዋ ሰፊ ነው» አለ።

«አልሰጥም! ልጄ ገና አልደረሰም» አለች ዶሮ።

ፍየል ተቆጣ። «አሥራ አምስት ዓመቱ አይደለም እንዴ?»

ዶሮ የውሻውን አፍ ፈልቅቃ አሳየቻቸው። «ይኸው እዩት! ጥርስ እንኳ አላወጣም።»

ውሻውም ጆሮውን ክንፏ ሥር ወሸቀ። ሽማግሌዎቹ እኔ ስመጣም ገና ደጅ ላይ ቆመው ነበር።