የሞገዱ ቁልቁለት

ይህን ምሳሌ መጀመሪያ የነገሩኝ አቶ ይርዳው ናቸው፤ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። እሳቸው ከማን እንደ ሰሙት ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ባለፈው ሳምንት የቀድሞ ተማሪዬ አምሳለ ቤቴ መጣች። መምህርት ሆና ሩቅ ገጠር ተመድባለች፤ የቀድሞው መምህር ከለቀቀ ወዲህ የአካባቢው ልጆች ያለ አስተማሪ ተቀምጠዋል። «ጋሼ፣ ልጆቹ ፊት መቆሙን ሳስበው ጉልበቴ ይከዳኛል» አለችኝ። «ፍርሃቱ እስኪለቀኝ አንድ ዓመት ልቆይ ወይስ ልሂድ?» ይህን ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። የደጋ ሰው ነው፤ በበቅሎ ጭነት ሲያመላልስ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለት በዚያው ምጥ ሞተች። ልጅቱን ብቻውን አሳደጋት፤ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ተዳረችና ባሏ ከባሕሩ ዳርቻ ማዶ ወዳለች ትንሽ ደሴት ወሰዳት። ከዓመት በኋላ መልእክት መጣ። ነፍሰ ጡር ናት፤ የእናቷ ነገር እንቅልፍ ነሥቷታል፤ ምጥ ሲይዘኝ አባቴ ደጄ ላይ ይቁምልኝ ብላለች።

ሰውየው በቅሎዎቹን ለወንድሙ አደራ ሰጥቶ፣ የብዙ ወር ስንቅ ቋጥሮ ወረደ። ባሕሩ ዳር ሲደርስ ግን የነፋሱ ወራት ገብቶ ነበር። በዚያ ወቅት ጀልባ ወደ ደሴቲቱ አይጠጋም፤ ሞገዱ በዙሪያዋ ካለው ድንጋይ ጋር እያላተመ ይሰብረዋል። የአገሩ ሰው የሚገባው በሌላ ዘዴ ነው። ጀልባው ሞገዱ ከሚሰበርበት ወዲህ ርቆ ይቆማል። ተሻጋሪው በቁመቱ ልክ በተጠረበ ጣውላ ላይ በሆዱ ተኝቶ በእጁ ይቀዝፋል፤ ሞገዱ ከኋላው መጥቶ ሲያነሣው ብድግ ብሎ በእግሩ ይቆምና እስከ አሸዋው ድረስ ይጋልበዋል። ተኝቼ ልለፍ ቢል አይሆንለትም። መግቢያው ላይ ጥቁር ዓለት አለ፤ ጣውላውን ከዓለቱ የሚያዞረው የቆመ ሰው እግር ብቻ ነው።

ሰውየው ከወንዝ ኩሬ በቀር ዋኝቶ አያውቅም። ልጁ ልትወልድ አርባ ቀን ቀርቷታል።

በዳርቻው መንደር ጣውላ የምታስተምር አንዲት ባልቴት ነበረች። ሞገዱ ዝቅ ወደሚልበት አሸዋ ወስዳ አስጀመረችው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጨው ውኃ ሲጠጣ ከረመ። ጣውላው አገጩን መታው፤ አሸዋው ክርኑን ላጠው። መረብ የሚጠግኑት ሽማግሌዎች ሥራቸውን አቁመው ይመለከቱት ነበር፤ አንዱም፣ ይህ ሰው ዓሣ ሊሆን ነው ወይስ የዓሣ ምሳ ብሎ ጠየቀ።

ለአምሳለ ስነግራት፣ መቆም ያቃተው ፈሪ ስለ ነበር ነው ብያት ነበር። ተሳስቻለሁ፤ እዚህ ላይ ላርመው። ያስቸገረው በደንብ የሚያውቀው ነገር ነው። በቅሎ የተቀመጠ ሰው ቁልቁለት ሲወርድ ገላውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ያን ካላደረገ በአንገቷ በኩል ተወርውሮ ይወድቃል። ሰውየው ይህን ሠላሳ ዓመት አድርጎታል። ሞገዱ ሲያነሣውና የጣውላው ጫፍ ቁልቁል ሲያይ፣ ሳያስበው ገላው ወደ ኋላ ይሄዳል። ጣውላ ግን በቅሎ አይደለም። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሆን ጫፉ ሽቅብ ይነሣል፤ ሞገዱም ወይ ጥሎት ያልፋል ወይ ይገለብጠዋል።

ባልቴቲቱ ወገቧን ይዛ፣ «አንተ ሰው፣ ዛሬም በቅሎዋን ይዘሃት መጣህ?» ትለው ነበር።

በየማለዳው መጀመሪያ የሚያየው ደሴቲቱን ነው። ምጥ ሲጀምር ነጭ ሻሽ በረጅም እንጨት እንዲሰቀል ከአማቹ ጋር በጣውላ በሚሻገሩ ሰዎች በኩል ተላልከዋል። ሻሹን ባያይ እፎይ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ቀን መቀነሱ ትዝ ይለውና ጣውላውን አንሥቶ ወደ ውኃው ይወርዳል። በሃያኛው ቀን አሸዋው ላይ ተቀምጦ፣ «እናቴ፣ ይህ ፍርሃት መቼ ነው የሚለቀኝ?» ሲል ጠየቃት።

«እኔን መቼ ለቀቀኝ?» አለችው። «ዛሬ ጠዋትም አፌ ደርቆ ነው የገባሁት።»

«ታዲያ እንዴት ያደርጉታል?»

«ምን አደርገዋለሁ? አብሮኝ ይገባል። አንተ ቁልቁለቱን ባየህ ቁጥር ትሸሻለህ፤ መሸሻህ ደግሞ ወደ ኋላ ነው። ደረትህን ለቁልቁለቱ ስጠው።»

ነገሩ ገባው፤ ገላው ግን እሺ አላለም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሦስት ጊዜ ብቻ ቆመ፤ ሦስቱንም ከጉልበት በማያልፍ ሞገድ ላይ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ሻሹ ተሰቅሏል። ዘጠኝ ቀን ቀድሟል። ሰውየው ገና አልቻልኩም አለ፤ ባልቴቲቱም ጣውላውን ብድግ አድርጋ ጀልባው ላይ ጫነችው።

ከጀልባው ወደ ውኃው ሲወርድ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ተኛ፤ ቀዘፈ። ሞገዱ ከኋላው አነሣው። ከላይ ሆኖ ቁልቁለቱን አየ፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ጥቁሩ ዓለት ነበር። ቆመ። ገላው እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሳበው። እሱም፣ አፉ እንደ ደረቀ፣ ደረቱን ለቁልቁለቱ ሰጠ።

ጣውላው ሄደ። በግራ እግሩ ቢጫነው ዞረ፤ ዓለቱም በክንድ ርቀት አለፈው። አሸዋው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወደቀ፤ ጉልበቱ ተተለተለ፤ ተነሥቶ ሮጠ።

ሴቶቹ ወንድ አይገባም ብለው ደጅ ላይ አስቀሩት። ልጁ የሚያለከልክ ትንፋሹን ከውስጥ ሰማች፤ በሰሌኑ መጋረጃ ሥር እጇን ሰደደች። ያዘው።

«አባዬ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችው።

«አዎ ልጄ» አላት። «መጥቻለሁ።»

እጁን ይዛ አማጠች። ጀምበር ሳትጠልቅ ሕፃኑ አለቀሰ፤ እናቱም ውኃ ስጡኝ አለች።

እዚህ ስደርስ ወደ አምሳለ ዞር አልኩ። «ልጄ» አልኳት፣ «ሰውየው አንቺ ነሽ። ሞገዱ ተማሪዎችሽ ናቸው። አይደለም፣ አይደለም፤ አበላሸሁት። ተማሪዎችሽ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው እጃቸውን የሰደዱት ናቸው። ሞገዱ ከአንቺ እስከ እነሱ ያለው መንገድ ነው። ዓመት ብትቆዪ ፍርሃቱም ዓመት አብሮሽ ይቆያል፤ እነሱ ግን እጃቸውን እንደ ዘረጉ ይቀራሉ። እየተንቀጠቀጥሽ ሂጂ። እነሱ የሚፈልጉት መድረስሽን ነው።»

እሷም፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ዋናም አልችልም» ብላ ሳቀች። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች።

ምሳሌውን ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። በጽሑፍ ግን፣ አሳምሬ መጻፍ እስክችል እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት አቆይቼዋለሁ። ዛሬም አሳምሬ አልጻፍኩትም። የጻፍኩት እሷ በሄደች ማግስት፣ ማክሰኞ ጥቅምት አራት ቀን ነው።