መሬት ላይ የተለካው ጣውላ

አንድ እንጨት ቀራጭ ነበረ። እጁ የተመሰገነ ነው፤ ከለካው ነገር በቀር ግን ምንም አያምንም። አንድ ባለጸጋ አስጠራውና አዲስ ያሠራውን ፎቅ ቤት አሳየው። ከቤቱ ማዶ ግንባሩ ብቻ ቆሞ የቀረ የጥንት አዳራሽ አለ። ባለጸጋው ከፍርስራሹ መካከል አንድ ጣውላ አንሥቷል። ጫፉ ተሰብሯል፤ ነገር ግን ከታች እስከ ላይ አምስት ረድፍ አበባ ተቀርጾበታል።

«ከአዳራሹ ግንባር፣ ከጣሪያው ሥር የወደቀ ነው» አለው። «እንደዚህ ያለ ለእኔም ቤት ሥራልኝ። ካማረኝ በሩም መስኮቱም ደረጃውም ያንተ ሥራ ነው። ካላማረኝ ከሌላ አገር ቀራጭ አስመጣለሁ።»

አገሩ ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በዕድሜ አንድ ጊዜ ቢሠራ ነው። ሌላ ቀራጭ ከመጣ ስሙ እዚያው እንደሚቀበር ሰውየው ያውቃል።

ጣውላውን ተሸክሞ ቤቱ ገባና መሬት ላይ አጋድሞ በጣቱ ለካው። የታችኛው ረድፍ አበባ ሦስት ጣት፣ የመካከለኛው አራት፣ የላይኛው አምስት ሆነ። ሳቀ።

«የጥንት ሰው እጅ አለው፤ ልኬት ግን የለውም» አለ ለሚስቱ።

«ተው፣ ሙት ወቃሽ አትሁን» አለችው።

አልሰማትም። የሙቱን ስሕተት አረምሁ ብሎ አምስቱንም ረድፍ አራት አራት ጣት አድርጎ ቀረጸ።

የተሰቀለ ዕለት ባለጸጋው ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ አንጋጠጠ። «ላይኞቹን ምን ነካቸው? ጣውላ አጠረህ እንዴ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ሁሉም እኩል ናቸው!» አለና መሰላል ላይ ወጥቶ ለካ። አራት፣ አራት፣ አራት። ወርዶ ሲያያቸው ግን ላይኞቹ ውኃ እንደጠማው አበባ ኩምሽሽ ብለዋል።

«እኔ የማየው በዓይኔ ነው እንጂ በጣትህ አይደለም» አለ ባለጸጋው። «ሁለት ሳምንት ሰጥቼሃለሁ።»

በማግስቱ ቀራጩ አሮጌውን ስባሪ በገመድ አስሮ ወደ አዳራሹ ግንባር፣ ወደ ጥንት ቦታው ወደ ላይ ሳበው። ከዚያ የአዳራሹ የአጥር በር ወደነበረበት ሄዶ ዘወር አለ። አምስቱም ረድፍ እኩል ነው! ርቀት ከዓይን የሚሰርቀውን ያ የጥንት ሰው አስቀድሞ ጨምሮበት ኖሯል። ቀራጩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና «ይቅር በለኝ» አለ፣ ስሙን ለማያውቀው ሰው።

የጥንቱንም ልክ እንዳለ አልገለበጠም። የአዳራሹ ከፍታ ዐሥራ ስድስት ክንድ ነው፤ አዲሱ ቤት ዐሥራ ሁለት። በከሰል እየሣለ ሰቀለ፤ ከበሩ ቆሞ አየ፤ አወረደ፤ ደግሞ ሣለ። ስድስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። መሮ ያነሣው በሰባተኛው ነው።

ባለጸጋው ከበሩ ቆሞ ብዙ አየ። ከዚያ ፎቅ ወጣና በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከቅርብ ተመለከተው። «አንተ! ይሄ እኮ እኩል አይደለም!»

«ጌታዬ፣ እንግዳ የሚመጣብዎ በበር ነው ወይስ በጣሪያ?»

ባለጸጋው ሳቀ። «በል፣ በሩን ጀምር» አለው።

አስካልዬ፣ ይህን የተረክሁልሽ ከፈረሰው ግንብ ላይ ቀድተሽ የጠለፍሽው ሐረግ ድንጋዩ ላይ እንደዚያ አምሮ ቀሚስሽ ላይ ለምን እንደሞተ ስለ ጠየቅሽኝ ነው። ያ ሐረግ ቆሞ ለሚኖር ድንጋይ የተሠራ ነው። ቀሚስ ግን ይራመዳል። ትናንት በደጄ ስታልፊ ቆጠርሁት፤ ከዐሥራ አራቱ ቅጠል ዘጠኙን እጥፋቱ ውጦታል። አንቺም እንደ ቀራጩ ጣውላውን መሬት ላይ ለካሽ። ቅጠሉን አይደለም መውሰድ ያለብሽ፤ ያ ሰው ለድንጋዩ ያሰበውን ያህል ለጨርቅሽ ማሰብን ነው። አሁን ሂጂ፣ ቀሚሱን ለእኅትሽ አልብሻትና ትራመድ። አንቺ ደጃፍ ላይ ተቀምጠሽ እያት። መርፌውን ከዚያ በኋላ ታነሺዋለሽ።