ጥላ የወጋቸው ባላምባራስ

ተረት ተረት!

«ይውጣ ከደረት» በሉኝ እንጂ። እሰይ፣ እንደሱ ነው።

ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ። ባላምባራስ ገሠሠ የሚባሉ ሀብታም ሰው ነበሩ። ከብት ሞልቷቸዋል፣ እህል ሞልቷቸዋል። ጤና ግን የላቸውም። ምግብ አይወርድላቸውም። እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ደረታቸው ጭንቅ ጭንቅ ይላል። ምች እንዳይመታቸው መስኮቱን ዘግተው፣ ጋቢ ደርበው፣ ቀኑን ሙሉ እልፍኝ ውስጥ የሰው ክስ ሲሰሙ ይውላሉ። ከቤታቸው ጀርባ ዝግባና ወይራ የሞላበት ትልቅ ጫካ ነበር። እግራቸው ረግጦት አያውቅም።

አትፍሩ ልጆቼ፣ አይሞቱም። ሰው የሚሞትበት ተረት እኔም አልወድም።

ቢሻው የሚባል ጎረቤት ነበራቸው። የጫካውን መሬት አርሶ ጤፍ ሊዘራበት ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን መጣና፣

«ጌታዬ፣ ጥላ ወግቶዎት ነው» አላቸው። «ዛፍ ሥር ክፉ መንፈስ አለ። የጫካው ጥላ እቤትዎ ላይ እየወደቀ ነው የሚወጋዎት። ካልተቆረጠ አይድኑም።»

አመኑት። የጨነቀው ሰው ምን የማያምነው አለ?

«በሉ መጥረቢያ ሳሉ! ይቆረጥ!» አሉ።

ይህን አንጓች ሰማች። አንጓች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቀፎዎቿን የሰቀለችው እዚያ ጫካ ውስጥ ነው። ልጆቿን የምታበላው ከዚያ በምታገኘው ማር ነው። ጫካው ከተቆረጠ ምን ልታበላቸው ነው? ስታስብ ስታስብ ዋለች። ከዚያ ነጠላዋን አደግድጋ ባላምባራስ ዘንድ ገባች።

«ጌታዬ፣ ጥላ የወጋው ሰው መድኃኒቱ እዚያው ጥላው ሥር ነው ያለው። ጫካውን ከቆረጡት መድኃኒቱም አብሮ ይጠፋል» አለች።

«ምንድን ነው መድኃኒቱ?»

«አንዲት ቅጠል ናት።»

«አምጪልኛ!»

«የሌላ ሰው እጅ ከነካት አትሠራም። በሽተኛው ራሱ ነው የሚቆርጣት። ብቻውን፣ በእግሩ። ደግሞ መድኃኒት ሲቆረጥ አይነገርም፤ መቼም እርስዎ ያውቁታል።»

ይህንን ማን የማያውቅ አለ? ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቢሻው ሳቀ። «ማር ቆራጭ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነችው? ባይድኑስ?»

«ባይድኑ ጫካውንም ቀፎዬንም አብራችሁ አቃጥሉት» አለች አንጓች።

ባላምባራስ ሄዱ። እያለከለኩ ጫካው ዳር ደረሱ፤ ያገኙትን ቅጠል ቀጥፈው ተመለሱ።

«አይ ጌታዬ፣ ይቺ የዳር ናት፤ ፀሐይ መቷታል። ገባ ይበሉ። በመዓዛዋ ነው የምትታወቀው፤ ሁሉንም እያሸተቱ ይሂዱ።»

በማግስቱ ገባ አሉ። እያሸተቱ ሄዱ፣ እያሸተቱ ሄዱ። እርጥቡን አፈር አሸተቱ፣ የወይራውን ልጥ አሸተቱ። ቅጠል ይዘው ሲመለሱ ግን መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ቅጠሉ አልነበረም።

«የሚበላ ነገር አለ?» አሉ።

ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተያየ።

«ይቺም አይደለችም» አለች አንጓች። «ከምንጩ አጠገብ ናት። ዝግባውን ተደግፈው ዝም ብለው ይቀመጡ። ወፎቹ ሰው መኖሩን ረስተው ሲንጫጩ ያኔ ትታያለች።»

በሦስተኛው ቀን ምንጩ ድረስ ሄዱ። ዝግባውን ተደግፈው ተቀመጡ። ውሃው ይንሿሿል፣ ቅጠሉ ይንሾካሾካል። ወፎቹ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ በኋላ ተንጫጩ። ባላምባራስ ሳይመለሱ ቀሩ። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፤ አሁንም የሉም።

«ጥላው በላቸው!» ብሎ ጮኸ ቢሻው። መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ጫካው ውስጥ ገባ። አንጓች ከኋላ ከኋላው ሮጠች። ምንጩ ዘንድ ሲደርስ ከዝግባው ወዲያ ማን እንዳለ ሳያይ መጥረቢያውን አነሳና ግንዱን ገጭ!

ከዛፉ ወዲያ ይሰማ የነበረ ማንኮራፋት ቆመ።

«ማነው እንቅልፌን ያቋረጠው?» የሚል ድምፅ ወጣ። ባላምባራስ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። ፊታቸው በርቷል፣ ዓይናቸው ጠርቷል። «ስንት ዘመን አጥቼው አሁን ባገኘሁት!»

የቢሻው መጥረቢያ ከእጁ ወደቀ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ...»

«ለእኔ ነው ለጤፍህ? በል፣ ይህ የዛፍ ቁስል እስኪሽር ጫካውን አንተ ትጠብቃለህ። አንዲት ዛፍ ብትጎድል ዕዳው በራስህ ነው!»

የዛፍ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይሽርም።

ከዚያ ባላምባራስ ወደ አንጓች ዞሩ።

«ቅጠሏን ግን አላገኘኋትም። ማንኛዋ ነበረች?»

«ቅጠል የለችም ጌታዬ።»



«ታዲያ ለምን አለፋሽኝ?»

«ከጓሮዎ ጫካ አለ፣ ገብተው ይናፈሱ ብልዎት ኖሮ፣ አሽከር ይልኩ ነበር።»

ባላምባራስ አፈጠጡባት። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ደረታቸው አልጨነቃቸውም።

ልጆቼ፣ ለዚህ ነው አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት።

ተረቴን ውሰዱልኝ፣ ጉሮሮዬን በውሃ አርሱልኝ።