የጋሽ ደምሰው ዲሽ

በአንድ ወቅት፣ ስልክ ለመደወያ እንጂ ለመቅረጫ በማያገለግልበት ዘመን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ተራራ ሥር በተወሸቀች ሰፈር እትዬ የሺመቤት የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሽ ደምሰው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ በደጉ ጊዜ ደግሞ የፋብሪካው ኪነት ቡድን ዘፋኝና አኮርዲዮን ተጫዋች። ቡድኑ ሲበተን አኮርዲዮኑን ሳጥኑ ውስጥ ከተው አልጋ ሥር ገፉት፤ ዳግመኛም አልዘፈኑም። ታላቋ ፀዳለና መካከለኛው ይርጋ ያባታቸውን ዘፈን እየሰሙ አድገዋል። የመጨረሻዋ እልፍነሽ ግን የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው፤ አባቷን ሲያንጎራጉሩ እንኳ ሰምታ አታውቅም።

ዘፈን የተዉት ሰውዬ ዲሽ አመጡ። በተራው አንቴና ሰፈሩ ውስጥ ጭርርታ እንጂ ምስል አይገባም ነበርና፣ ያን ቀን ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ! እሳቸው ቆርቆሮ ላይ፣ እትዬ የሺመቤት ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ጎረቤቱ በሙሉ በርና መስኮቱ ላይ።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ! ደምሴ፣ መልሰው!»

ከምሳ ሰዓት ጀምረው ታግለው ምስሉ ሲይዝላቸው ብሎኑን ጠርቅመው፣ በፀዳለ የጥፍር ቀለም ምሰሶው ላይ ቀይ መስመር አሰመሩ። «ከዚህች ንቅንቅ እንዳይል» አሉ። ወርሃዊ ክፍያ የለ፣ ካርድ የለ፤ ሰማዩ ያለውን ሁሉ በነፃ ያወርዳል። የአማርኛው ጣቢያ አንድ ነበር፤ የቀረው ዓረብኛ ነው። ታዲያ ጋሽ ደምሰው አንዲት ቃል ዓረብኛ ሳያውቁ ድራማውን ለሰፈሩ ይተረጉሙ ነበር። «ይቺ እናቱ ናት፤ ግን አልነገሩትም» ሲሉ ሳሎኑ በእንባ ይራጫል። ከራሳቸው እየፈጠሩ እንደሚያወሩ ለማንም አይጠፋውም፤ እውነቱን የፈለገም አልነበረም። ወይ ያ ጊዜ!

ጋሽ ደምሰው አረፉ። ዓመት ሳይሞላ የአማርኛው ጣቢያ ወደ ሌላ ሳተላይት ተዛወረ። ሰፈሩ ሁሉ ዲሹን አዞረ፤ እትዬ የሺመቤት ብቻ እምቢ አሉ። «የሱ እጅ ያቆመውን የሚነካ፣ መጀመሪያ እኔን ይቅበረኝ!» ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓረብኛውን ያለ አስተርጓሚ አዩ።

አንድ ቀን ልጆቻቸውን ሰብስበው «ፊቱ በፎቶ አለኝ፤ ድምፁ ግን ከጆሮዬ ጠፋ» አሉ። «እሱን መልሶ ያሰማኝ፣ አኮርዲዮኑን ይውሰድ።»

ፀዳለ ቡድኑ በልጅነቷ ለቴሌቪዥን ሲቀረጽ ትዝ አላት። የፀጉር ቤቷን ዘግታ አዲስ አበባ ሄደች፤ የጣቢያውን ደጅ ጠናች። «ነገ ነይ» ሲሏት ነገ እየሄደች፣ ወር ተኩል ሙሉ። በመጨረሻ አቧራ ከጠጡ ካሴቶች መሃል አባቷን አገኘቻቸው። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ በድሮ ዘፈኖች ዝግጅት ላይ ይተላለፋል!» ብላ እየሮጠች መጣች። ጎረቤቶች ኑና እኛ ቤት እዩ ቢሏቸው እትዬ የሺመቤት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካየሁት አለቅሳለሁ። በሰው ሳሎን ባሌን አላለቅስም።» ዲሹ ግን አሁንም አይነካም!

ይርጋ የጋራዥ ሰው ነው፣ ወሬ አይወድም። ቅዳሜ እናቱ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ መፍቻውን ይዞ ቆርቆሮው ላይ ወጣ። ቀይዋ መስመር አጠገብ ያለውን ብሎን በመፍቻው ያዘ። ጠመዘዘው፤ የዛገውም ብሎን ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። እትዬ የሺመቤት ግቢ የገቡት ያኔ ነው።

«ይርጋ! ምን አደረግከኝ!»

«እማዬ፣ ብትረግሚኝም እርገሚኝ። አባዬ ያለው ግን ወዲያ ነው» አለ፣ በጣቱ ሌላኛውን የሰማይ ጥግ እያሳየ።

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ዲሹን ወደዚያ አዞረው፤ ግን ብሎን የለ፣ ነፋሱ ደግሞ ይገፋል። ጣቢያውን ሪሲቨሩ ላይ መፈለግ የሚችል እሱ ብቻ ነበርና እልፍነሽን ጠራት። «ያዢው! አሁን መጥቼ እተካሻለሁ» ብሎ ወረደ። እልፍነሽ ዲሹን እንደ ሕፃን አቀፈችው።

እትዬ የሺመቤት እየተቆጡ ተከትለውት ሳሎን ሲገቡ ምስሉ መጣ። ጋሽ ደምሰው፣ ገና ወጣት፣ አኮርዲዮኑን ደረታቸው ላይ ዘርግተው! እትዬ የሺመቤት ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ። «እሱ ነው! የኔ ጌታ፣ እሱ ነው!» ፀዳለ አፏን ያዘች። ይርጋ እህቱን ሊተካት ተነሥቶ ነበር፤ እግሩ ግን ከበሩ አላልፍ አለው።

«መጣ?» ብላ ጮኸች እልፍነሽ፣ የጋለው ቆርቆሮ እግሯን እያቃጠላት።

«መጣ! እንዳትነቃነቂ!» አሏት ሦስቱም።

አልተነቃነቀችም። ዘፈኑን ነፋሱ ወሰደው፤ ለሷ የደረሳት የቤተሰቧ ልቅሶ ብቻ ነበር። ስትወርድ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ያሳያል።

እትዬ የሺመቤት እንባቸውን ጠርገው ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትተው ከፈቱ።

«እኔ ፈልጌ ባላገኘው የሚታይ ነገር አልነበረም» አለች ፀዳለ።

«እማዬ፣ እኔ ባላዞረው የምታዪው አልነበረም። ቁጣሽንም የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለ ይርጋ።

እልፍነሽ ግን ዝገት የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከአኮርዲዮኑ ቁልፎች አንዱን ተጫነች፤ ሳብ ስታደርገው የሃያ ዓመት አየር አቃሰተ። ቀና ብላ እናቷን አየቻቸው።

«እማዬ፣ ድምፁ እንዲህ ነበር?»

እትዬ የሺመቤት ሦስቱንም ተራ በተራ ተመለከቱ። ቃል ገብተዋል፤ አኮርዲዮኑ ደግሞ አንድ ነው። እንግዲህ እናንተ በሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ ለማን ትሰጡት ነበር?