ጃርቷ ያላወቀችው

አንድ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ ድሬዳዋ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዱቄት ፋብሪካ ሠርተው፣ ሦስት ልጆች አሳድገው፣ አሁን ቤታቸው ተቀምጠዋል። ግቢያቸው ጠባብ ናት፤ ግን ፓፓያ አላት፣ ጎመን አላት፣ ቲማቲም አላት። ጥግ ላይ አንድ የኒም ዛፍ ቆሟል። በዚያ ሙቀት ጥላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የቆላ ሰው ያውቀዋል።

ስማቸው ጋሽ ወልደየስ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀዳለ ይባላሉ። ልጆቹ ሥራ ይዘው ወጥተዋል፤ ቤት የቀረው ነብሮ ነው። ነብሮ ውሻቸው ነው፤ ደረቱ የሰፋ፣ ጉልበተኛ፣ ጌታውን ከልቡ የሚወድ ውሻ።

አንድ ቀን በሐምሌ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ነብሮ ከጎመኑ መደብ እየጮኸ ወጣ። አፉ ደም በደም ሆኗል። ጋሽ ወልደየስ ሽርጣቸውን ሰብስበው ሮጡ። ጎመኑ መሀል አንዲት ጃርት ድቡልቡል ብላ ተቀምጣለች። ጃርት ስላችሁ ትልቁን፣ እሾሁ ስንዝር የሚያልፈውን እንዳታስቡ። ትንሿን ነው የምላችሁ፤ ሁለት እጅ ውስጥ የምትገባዋን፣ ስትፈራ ፊቷንም እግሯንም ሆዷ ውስጥ ደብቃ ኳስ የምትሆነዋን።

ጋሽ ወልደየስ ዶማ አነሱ።

"ቆይ፣ ወልዴ" አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። "መጀመሪያ እንጨቱን እይ።"

ከኒሙ ሥር የተከመረ ማገዶ ነበር። ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ በደረቀ ቅጠል መሀል አራት ግልገሎች። እሾሃቸው ገና ነጭ ነው፤ ጣት ጣት ያክላሉ።

ዶማው ከእጃቸው ወረደ። ቁጣው ግን አልወረደም።

"እና ውሻዬስ? ለዚች ብዬ ውሻዬን ልጣል?"

"ማን ጣለው አለህ? ያዘው ነው የምልህ።"

በማግስቱ ነብሮን ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። የእንስሳት ሐኪሟ አፉን አጠበችለት፣ መርፌ ወጋችው፣ ከዚያ ለጋሽ ወልደየስ እንዲህ አለቻቸው፦ "አባባ፣ እሷ አላጠቃችውም፤ እሱ ነው የነከሳት። ዳግም ከነከሳት ወይ እሷ ትሞታለች ወይ የሱ አፍ ያመረቅዛል። ግልገሎቹ እስኪያድጉ ከግቢው አትወጣም። ምግብ ፍለጋ የምትወጣው ሲመሽ ነው። በዚያ ሰዓት ውሻውን ከግቢው አርቁት። ማታ ጓሮ ዝጉበት። ጠዋት ሳትፈቱት አትክልቱን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ውኃ በዝርግ ሳህን አስቀምጡላት፤ ወተት ግን አትስጧት፣ ሆዷን ያበላሽባታል።"

ጋሽ ወልደየስ ሰሙ። ደስ ግን አላላቸውም። ሰው ጡረታ የሚወጣው ሊያርፍ አይደለም እንዴ?

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዕለቱ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ነብሮን በገመድ ይዘው ይወጣሉ። ነብሮ ጎመኑ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል፤ ወደ ኋላ ይጎትታል። እሳቸው ወደ ፊት ይጎትታሉ። ገመዱ መዳፋቸውን ይልጠዋል። "ለጃርት ብዬ!" እያሉ ያጉረመርማሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞረው ሲመለሱ ጃርቷ ጥንዚዛዋንና ምስጧን ለቅማ፣ ውኃዋን ጠጥታ፣ ልጆቿ ዘንድ ገብታለች።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ጃርቷ ይህን ታውቃለች? በየምሽቱ ግቢው ጸጥ የሚለው በራሱ ነው የሚመስላት። አንድ ሽማግሌ መዳፉ ተልጦ፣ አንድ ትልቅ ውሻ እየጎተተ፣ መንደሩን ለሷ ሲል እንደሚዞር በምን ታውቃለች? አታውቅም።

ይህን ያዙልኝና ወደ መንገዱ እንሂድ።

ጋሽ ወልደየስ ሁልጊዜ የሚሄዱት በወንዙ በኩል ነው። የድሬዳዋ ወንዝ ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ካልመጣ አሸዋ ነው፣ ሰው ይመላለስበታል። ሌላ አጭርና ጥላ ያለው መንገድ አለ፤ በዚያ ግን አይሄዱም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አልሄዱም። ለምን? እዚያ መንገድ ላይ የአቶ ጅብሪል ቤት አለ።

አቶ ጅብሪል በፋብሪካው የጋሽ ወልደየስ አለቃ ነበሩ። ጋሽ ወልደየስ ያኔ ኤሌክትሪሻን ናቸው፤ በሙያቸው የሚኮሩ። አንድ ቀን አንድ ሞተር ተቃጠለ፣ ወፍጮው ሦስት ቀን ቆመ። በሳምንቱ አቶ ጅብሪል ጠሯቸውና "ከነገ ጀምሮ መጋዘን ነህ" አሏቸው። ሌላ ቃል የለም። መሣሪያ የያዘ እጅ ጆንያ ሊቆጥር ሄደ። ጋሽ ወልደየስ ይህን አልረሱም። በሠርግ ሲገናኙ ፊታቸውን አዞሩ። በለቅሶ ሲገናኙ ሌላ ጥግ ተቀመጡ።

በነሐሴ አንድ ቀን ግን ከላይ፣ ተራራው ላይ ዘነበ። ወንዙ ሞላ፣ ጭቃ ውኃ እያጓራ ይወርዳል። ሰዓቱ ደርሷል፤ ጃርቷ ልትወጣ ነው፤ ነብሮ ይጎትታል። በየት ይሂዱ? የቀረው ያ መንገድ ብቻ ነው።

አንገታቸውን ደፍተው ቶሎ ቶሎ ሲያልፉ፣ አቶ ጅብሪል ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ናት።

"ወልደየስ" አሉ።

ድሬዳዋ ውስጥ ትልቅና ትንሽ "አንተ" ነው የሚባባለው፤ ንቀት አይምሰላችሁ።

ጋሽ ወልደየስ ቆሙ። በስምህ የጠራህን ሽማግሌ እንዴት አልፈህ ትሄዳለህ?

"ውሻህ ጎተተህ እኮ። ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት?"

"ግቢያችን ጃርት ወልዳለች። እስክትበላ ድረስ አርቄ ልይዘው ብዬ ነው።"

አቶ ጅብሪል ሳቁ። የፌዝ ሳቅ አይደለም፤ ደስ ያለው ሰው ሳቅ ነው። "ጥሩ አደረግህ" አሉ። "ቁጭ በልና ውኃ ጠጣ።"

ውኃውን ይዛ የወጣችው ልጃቸው ሰሚራ ናት። ጋሽ ወልደየስን አየች፤ አባቷን አየች።

"አባ፣ ይሄ የሞተሩ ሰውዬ አይደለም? የደብዳቤው?"

"ሰሚራ፣ ግቢ" አሉ አቶ ጅብሪል።

"የምን ደብዳቤ?" አሉ ጋሽ ወልደየስ።

ሰሚራ ግን አልገባችም። "አባ፣ አሁንማ ሁለታችሁም ጡረታ ወጥታችኋል" አለች፣ ወደ ጋሽ ወልደየስ ዞር ብላ። "ሣጥን ስናጸዳ አንድ የቆየ ደብዳቤ አገኘን። የስንብት ደብዳቤ ነው፤ ስምህ አለበት፤ ሥራ አስኪያጁ ፈርሞበታል። እናቴን ስጠይቃት ነገረችኝ። ሞተሩ የተቃጠለው የኤሌክትሪክ ገመዱ በስህተት ታስሮ ነው አሉ። ደብዳቤውን እንዲሰጥህ ለአባቴ ተሰጠው። እሱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ መጋዘን ልውሰደው፣ ሌላ ጥፋት ካገኛችሁበት እኔን አሰናብቱኝ ብሎ ለመነ። ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ቀረ።"

ወገኖቼ፣ ጋሽ ወልደየስ እጃቸው ላይ ያለውን የነብሮን ገመድ አዩ፤ ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። የሞተሩን ገመድ እንዴት እንዳሰሩት ያኔ ትዝ አላቸው። ቸኩለው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው ብለው ነበር።

ውኃውን ጠጥተው ሳይጨርሱ ተነሡ። ቤት ገብተው ነብሮን ጓሮ ዘጉበትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ፀዳለ "አመመህ?" አሏቸው። እሳቸው ግን "የመጋዘኑ ደመወዝ ባይኖር ልጆቹ ይማሩ ነበር?" ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ፀዳለ "በምን?" አሉ። ከዚያ ጋሽ ወልደየስ ሁሉንም ነገሯቸው።

በማግስቱ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ጋሽ ወልደየስ ግን በወንዙ አልሄዱም። አቶ ጅብሪል ደጅ ደርሰው ቆሙ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፍጌሃለሁ" አሉ።

"አውቃለሁ። በወንዙ ስትዞር አይህ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቃል ብቻ ብትለኝ ምን ነበረበት?"

አቶ ጅብሪል ከዘራቸውን መሬት ላይ አቆሙ። "ብነግርህ ዕድሜህን ሙሉ አንገትህን ደፍተህ ነበር የምታየኝ። ልጆችህም ፊት እንደዚያው። ከምታፍር ብትቆጣኝ ይሻላል ብዬ ነው። የተቆጣ ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል።"

ጋሽ ወልደየስ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ አቶ ጅብሪል ክንዳቸውን ያዙና አቀኗቸው። "ተው" አሉ። "ተቀመጥ። ልጆቹ የት ደረሱ?"

እስኪጨልም ስለ ልጆቹ አወሩ። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ አስተማሪ፣ ትንሹ ሹፌር። ነብሮ እግራቸው ሥር ተኛ፤ ያን ቀን አልጎተተም።

መስከረም ሲጠባ ጃርቷ ግልገሎቿን አስከትላ በአጥሩ ቀዳዳ ወጣች። ወይዘሮ ፀዳለ በዓይናቸው አይተዋል፤ አምስቱም ደኅና ነበሩ። ነብሮም አፉ ድኗል። ከእንግዲህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መውጣት አያስፈልግም ነበር። ጋሽ ወልደየስ ግን አልተዉትም። አቶ ጅብሪል ባለፈው ዓመት እስኪያርፉ ድረስ፣ በየምሽቱ እዚያ ደጃፍ ሁለት ወንበር ይወጣ ነበር። "እግዚአብሔር በሕይወት እያለ አሳየኝ" ይላሉ ጋሽ ወልደየስ። "ከቀብሩ በኋላ ብሰማው ኖሮ ምን እሆን ነበር?"

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ለምኖ ስላገኘው ነገር የሚያመሰግን ብዙ ነው። ሥራ አገኘሁ፣ ተመስገን። ልጄ ዳነ፣ ተመስገን። መልካም ነው፤ አመስግኑ። ግን ስላልደረሰባችሁ ነገር አመስግናችሁ ታውቃላችሁ? ኪስ ውስጥ ስለቀረው ደብዳቤ? ሊነገርባችሁ ሲል አንድ ሰው ስለዋጠው ቃል? እናታችሁ በልጅነታችሁ ከአባታችሁ ቁጣ ስንት ጊዜ በመሀል ቆማ እንዳዳነቻችሁ ትቆጥሩታላችሁ? ጎረቤታችሁ እያወቀ ስለሸፈነላችሁስ?

እግዚአብሔርስ? ስንቱን ነገር ከደጃችሁ መልሶታል? እናንተ ተኝታችሁ ነበር። ቀኑ ዝም ብሎ ያለፈ መስሏችሁ ነበር። "ዛሬ ምንም አልተፈጠረም" ብላችሁ መሽቶባችኋል። ያ "ምንም" የሚባለው ነገር ስንት ልፋት እንዳለበት ማን ነገራችሁ?

እናንተ ደግሞ፣ አሁን ለሌላ ሰው ብላችሁ እጃችሁ የተላጠ፣ ቁጣችሁን ይዛችሁ የምትዞሩ፣ ማንም አላየኝም የምትሉ፤ አይዟችሁ። የምትጠብቁት ሰው ላያውቅ ይችላል። እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሳይታወቁ መጠበቅንም የተማራችሁት ከእሱ ነው።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ የሚያኮርፈው ሰው የሌለው ማን ነው? የማይሄድበት መንገድ የሌለውስ? የምታኮርፉት ሰው ሁሉ ደግ ነው አላልኳችሁም። ግን ምን እንደያዘላችሁ አታውቁም። ካኮረፋችሁት ሳታውቁት ነው ያኮረፋችሁት።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አንድ ስም አስቡ። አሁን፣ እኔ እየተናገርኩ ሳለ፣ ወደ ልባችሁ የመጣውን ስም። በሕይወት ካለ ሂዱ። ሩቅ ከሆነ ደውሉ። ምን እንደምትሉ ካላወቃችሁ ደኅንነቱን ጠይቁት፤ ይበቃል። ሞቶ ከሆነ ልጆቹን ፈልጉና አባታችሁ ደግ ሰው ነበር በሏቸው።

ከዚያ ማታ ስትጸልዩ፣ ከምታውቁት ምስጋና በኋላ፣ አንድ ጊዜ ዝም በሉና "ጌታ ሆይ፣ ስለማላውቀውም አመሰግንሃለሁ" በሉት።